የጋሽ አንሙት እሺታ

ሰው እምቢ ባይን ይፈራል እንጂ እምቢ ባይ እንኳን ብዙ ጉዳት የለውም። በሩን ሲዘጋብህ ሌላ በር ታንኳኳለህ፤ ቁርጥህን አውቀህ ትተኛለህ። አገር ያስቸገረው እሺ ባዩ ነው። እሺ ባይ በየእድሩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለልጅህ ሠርግ የእድሩን ድንኳን ስትለምነው እሺ ይልሃል፤ ለጎረቤትህ ተዝካርም ያንኑ ድንኳን ለዚያው ቅዳሜ እሺ ብሏል። ቅዳሜ ሲደርስ አንተና ጎረቤትህ ድንኳኑን ጫፍና ጫፍ ይዛችሁ ስትጓተቱ፣ እሱ መሃል ገብቶ ያስታርቃችኋል። ደግሞ ክፋት የለበትም። ክፋት ቢኖርበትማ ጠልተኸው ትገላገል ነበር።

ደብረ ማርቆስ ላይ ይህን ማዕረግ ያለ ተቀናቃኝ የያዙት፣ የአዝመራ ዱቄት ፋብሪካ የሴቶች ብስክሌት ክለብ ዋና አሰልጣኝ፣ ክቡር ጋሽ አንሙት ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገታቸው ወደፊት ዘንበል ያለ ሰው ናቸው። አንገታቸው የዘነበለው በወጣትነታቸው ሳይክል ላይ ብዙ ከማጎንበስ ነው ይላሉ፤ የክለቡ መካኒክ ምናለ ግን እሺ ሲሉ ራሳቸውን ከመነቅነቅ የመጣ ነው ባይ ነው። በልጅነታቸው ጥቂት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጠዋል። እሺታቸው ሰምና ወርቅ ያለው ምናልባት ከዚያ ይሆናል፤ ሰሙን ሁሉም ይሰማል፣ ወርቁን ግን እስከዛሬ ቆፍሮ ያገኘ የለም። እሺ ያሉት ነገር ሳይሆን ቀርቶ ሊወቅሳቸው የመጣውን ሰው አይቆጡም። «እሺ ይበልጣል ከሺህ» ይሉታል፤ ከዚያም ለሌላ ቀን ሌላ እሺ ያስይዙታል።

በዚህ እሺታ ከማንም በላይ የተቃጠለችው እስከዳር ናት። እስከዳር የሉማሜ ልጅ ናት፤ ቀጠን ያለች፣ አቀበት ላይ እንደ ፍየል የምትቀል፣ የተነገራትን የምትሰማ፣ የሰማችውንም የማትረሳ። ይኸው አለመርሳቷ ነው መከራዋ። ባለፈው ዓመት በጮቄ ዙሪያ ውድድር ለክለቡ መሪ ለሙላቷ አጋዥ ሆና ነበር። የሳይክል ውድድርን ዳር ቆሞ ለሚያየው ሰው እያንዳንዱ ለራሱ የሚነዳ ይመስለዋል እንጂ፣ አምስት ሆነው የሚነዱት ለአንድ ሰው ነው። አራቱ ከፊት ሆነው ንፋሱን ይሰብራሉ፣ ውሃ ያቀብላሉ፤ አንዷ ከኋላቸው ተከልላ ጉልበቷን ለመጨረሻው ታቆያለች። እስከዳር አራቱን ቀን ንፋስ ስትሰብር ከርማ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቆ ከሳይክሏ ስትወርድ፣ ጋሽ አንሙት ትከሻዋን መታ መታ አድርገው የመጪው ዓመት መሪነት ያንቺ ነው አሏት። ዓመቱን ሙሉ የኖረችው በዚያ ቃል ነው።

ያልሰማችው ነገር ቢኖር፣ በዚያው ሳምንት ሙላቷም ገብታ አንድ ዓመት ብቻ እንዲጨምሩላት ለምና፣ እሺ ተብላ መውጣቷን ነው።

ሙላቷ የይጁቤ ልጅ ናት። ከእስከዳር በአምስት ስድስት ዓመት ትበልጣለች። ትከሻዋ ሰፊ፣ ንግግሯ ቁጥብ፤ ሜዳ ላይ ከወጣች የሚደርስባት የለም። የዘንድሮው አሸናፊ በቀጥታ ለብሔራዊ ቡድን እንደምትመረጥ ከተነገረ ወዲህ፣ ለሙላቷ ይህ የመጨረሻ ዕድሏ እንደሆነ እሷም ሌላውም ያውቅ ነበር። ለእስከዳር ደግሞ የመጀመሪያዋ ነው። ሁለቱም የመሪነቱን ቃል በልባቸው ይዘው፣ እርስ በርሳቸው እየተሳሳቁ፣ አንድ መኪና ተሳፍረው ውድድሩ ወደሚጀመርበት ወደ ደጀን ወረዱ።

ነገሩ የፈነዳው በዋዜማው፣ ፓስታ ላይ ነው። ሙላቷ እንደ ታላቅ እህት ረጋ ብላ፣ ነገ አቀበቱ ላይ ከፊቷ ሆና እንድትጎትታት እስከዳርን ነገረቻት። እስከዳር ቀልድ መስሏት ሳቀች። ሙላቷ አልሳቀችም። የኔአለም የምትባለው ሦስተኛዋ ልጅ ሹካዋን አስቀምጣ ሁለቱን በየተራ አየቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ የበላ አልነበረም።

ተያይዘው ወጡ። ጋሽ አንሙት ከምናለ ጋር የሳይክሎቹን ካቴና ግራሶ ሲቀቡ አገኟቸው።

«ጋሼ፣ ነገ መሪዋ ማናት?» አለች እስከዳር።

ጋሽ አንሙት አንዴ እሷን፣ አንዴ ሙላቷን አዩ። «እናንተ» አሉ።

ከዚህ በኋላ የተባለውን ሁሉ መድገም አያስፈልግም። ብቻ ሲጠቃለል፣ ለሁለቱም እሺ ማለታቸውን አልካዱም፤ እንዲያውም አንዱን እሺ አንስተው አንዱን መጣል ግፍ እንደሚሆንባቸው አስረዱ። መንገዱ ራሱ ይፍረድ፣ የበረታችውን መንገዱ ያሳየናል አሉ። ክለቡ ያለው ቀላልና ውድ ጎማ ደግሞ አንድ ጥንድ ብቻ ነው። እሱንም ለሁለቱም እሺ ብለው ኖሯል። አሰቡ፣ አንገታቸውን ዘንበል አደረጉ፣ ፈረዱም፦ የፊተኛው ጎማ ለእስከዳር፣ የኋለኛው ለሙላቷ። ምናለ ግራሶ የነካ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ ይህ ሳይክል ነው ወይስ የውርስ ክፍፍል ብሎ ጠየቀ። ጎማዎቹን እያጉረመረመ ገጠማቸው።

በማግስቱ ከደጀን ወደ ደብረ ማርቆስ ተነሱ። ሉማሜ ሲቃረቡ እስከዳር ከፊተኞቹ ጋር ነበረች። የትውልድ ከተማዋ ነውና ሰው ወጥቶ እንደሚጠብቃት ታውቃለች። የማታውቀው፣ ጋሽ አንሙት ባለፈው ሳምንት በዚያ ሲያልፉ የከተማውን ሽማግሌዎች ምን እሺ እንዳሏቸው ነው። ከሻይ ቤቱ ፊት ለፊት፣ አስፋልቱ ዳር፣ ጠረጴዛ ተደርድሮ ነጭ ጨርቅ ለብሷል፤ ሻይ ተቀድቷል፣ ዳቦ ተቆርሷል። የእናቷ ወንድም አቶ እንዳላማው በተቀጠሩት መሠረት የእህታቸውን ልጅ ሻይ በማንኪያ እያማሰሉ መንገዱ ዳር ቆመዋል። ሳይክሎቹ ሳይቆሙ ሽው ሲሉ ግራ ገባቸው። ከዚያ ብርጭቆውን እንደያዙ መሮጥ ጀመሩ። እስከዳር ዞር ስትል አጎቷ ሻዩን በእጃቸው ላይ እያፈሰሱ፣ ኧረ ቀመስ አድርጊ እያሉ ይከተሏታል። ከኋላ የሚመጡት የአዲስ አበባ ልጆች አጎቷን ለማለፍ ግራና ቀኝ ተከፈሉ። አጎቷን በዚያ ሁኔታ ጥላ መሄዷ እስከዛሬ በቤተሰብ ይነሳባታል።

ከከተማው ስትወጣ ንዴቷ እግሯ ውስጥ ገባ። መንገዱ ቀና ማለት ሲጀምር ከመካከላቸው ተነጥላ አመለጠች። ደግ ነገር ነበር፤ ማንም የተዘጋጀ አልነበረም። ግን ወደኋላ ስታይ ለመያዝ የምትገሰግሰው የጠላት ክለብ ልጅ ሳትሆን ሙላቷ ናት። መሪ ነኝ ያለች ሰው አጋዧ ጥላት ስትሄድ ዝም ብላ ልታይ ነው? ከሙላቷ ጎማ ኋላ ደግሞ የአዲስ አበባው ክለብ መሪ ሂዊ ተለጥፋ፣ ንፋስ ሳይነካት፣ ተከናንባ ትመጣለች። ሁለቱ የአዝመራ ልጆች ተሳደው ተሳደው ማርቆስ ሲገቡ እግራቸው ባዶ ሆነ፤ ሂዊ ከኋላቸው ብቅ ብላ አሸነፈች፣ በጠቅላላ ውጤት ለምትቀድመው የሚሰጠውን ቢጫ ማሊያም ለበሰች። ጋሽ አንሙት ሁለተኛና ሦስተኛ የወጡትን ልጆቻቸውን አንድ ላይ አቅፈው፣ እንዳልኩት ሆነ አሉ። ምን እንዳሉ ያስታወሰ አልነበረም።

የሁለተኛው ቀን ጉዞ ወደ ደብረ ኤልያስ ነበር። ከቡድኑ ኋላ የሚከተለው የክለቡ ፒካፕ ትርፍ ጎማና ውሃ ይዞ መሄድ ነበረበት። ይዞም ነበር። ግን ጠዋት ቡድኑ ካደረበት ሆቴል በር ላይ አንዲት እናት፣ ልጄ፣ ወደ ደብረ ኤልያስ ከሆነ መንገዴ ነው፣ ታደርሰኛለህ ወይ፣ ብለው ፒካፑን የሚነዳውን ምናለን ጠየቁት። ምናለ መልስ ሳይሰጥ ጋሽ አንሙት ደረሱ። ከእናትየዋ ኋላ ባልቴቶች፣ ከባልቴቶቹ ኋላ የገበያ ጆንያዎች፣ ከጆንያዎቹም ኋላ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች ነበሩ። ፒካፑ ማርቆስን ሲለቅ የውድድር መኪና ሳይሆን የቅዳሜ ገበያ ይመስል ነበር።

ጠጠሩ በበዛበት ቦታ የሙላቷ የፊት ጎማ ተነፈሰ። ያ አሮጌው ጎማ ነው፤ አዲሱ በእስከዳር ሳይክል ላይ ነው። ሙላቷ ወርዳ ሳይክሏን አንስታ መንገዱ ዳር ቆመች። እስከዳር ከኋላ ስትመጣ አየቻት። የክለብ ልማድ ቢሆን አጋዥ ወርዳ የራሷን ጎማ ለመሪዋ ትሰጣለች። ግን አጋዥ ማን ናት፣ መሪስ ማን ናት? እስከዳር ልትቆም ቃጣት። ሙላቷ አልጠራቻትም፤ ብቻ ዐይኗን ተክላ አየቻት። እስከዳር አንገቷን ሰበር አድርጋ አለፈች።

ፒካፑ የደረሰው ቆይቶ ነው። አንዷን ባልቴት ከነጆንያቸው ደጃፋቸው ድረስ አድርሷል። ትርፍ ጎማውም ከጆንያዎቹ ሥር ስለነበር ባልቴቶቹ አንድ በአንድ ወርደው፣ ዶሮዎቹ ተነስተው፣ ነው የወጣው። ሙላቷ ከዋናዎቹ ከአንድ ደቂቃ በላይ ዘግይታ ገባች። ያን ዕለት እራት ላይ ጀርባዋን ለእስከዳር ሰጥታ በላች። እስከዳር ጥፋት እንዳልሠራች ለራሷ ደጋግማ ነገረች፤ ደጋግማ መንገሯ ራሱ አልጣማትም።

በሦስተኛው ቀን፣ በመኪና ይጁቤ ተወስደው ከዚያ ወደ ማርቆስ ሲነዱ፣ ሙላቷ መልሱን ሰጠች። የአገሯ ሰው እልል ሲልላት ገና ከመነሻው ሸመጠጠች፤ ማንንም አልጠበቀችም። እስከዳር ፒካፑን ጠብቃ፣ ጋሼ፣ ልከተላት ወይ ብላ ጠየቀች። ጋሽ አንሙት በመስኮቱ አንገታቸውን አውጥተው እሺ አሏት። ፒካፑ ፈጥኖ ሙላቷ ጋ ሲደርስ ሙላቷ፣ እስከዳር እንዳትከተለኝ ይንገሩልኝ አለቻቸው። እሺ አሉ። ምናለ የመኪናውን መሪ እንደያዘ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ግንባሩን መታ። ሙላቷ ቀኑን አሸንፋ የጠፋባትን ደቂቃ አብዛኛውን መለሰች። በጠቅላላው ውጤት ቢጫው አሁንም የሂዊ ነው፤ ሁለቱ የአዝመራ ልጆች ከሂዊ አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ኋላ፣ በሰከንዶች ብቻ ተበላልጠው፣ ሆድና ጀርባ ሆነው ተቀምጠዋል። የቀረው አንድ ቀን ነው፤ ከማርቆስ ደምበጫ ደርሶ መልስ።

በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ እስከዳር ጋሽ አንሙትን ፈልጋ ሄደች። የሆቴሉ ጓሮ፣ ቧንቧው ሥር፣ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበታቸው ሰብስበው የልጆቹን ማሊያ ሲያጥቡ አገኘቻቸው። አጣቢዋ ዘመድ ሞቶባት በጊዜ ልሂድ ብላቸው ነው።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት።»

«እሺ።»

«ገና አልተናገርኩም እኮ።»

ጋሽ አንሙት ማሊያውን ጨመቁ።

«ለአንዳችን እምቢ ይበሉ» አለች። «ለእኔም ይሁን ለሷ፣ ግድ የለኝም። ካላሉ ነገ ሂዊ ታሸንፋለች፤ እኔና ሙላቷም እንደተኳረፍን እንቀራለን። ሦስት ቀን ሙሉ የሚያደክመን አቀበቱ አይደለም ጋሼ። እርስዎ ነዎት።»

እንዲህ ያለ ነገር ለትልቅ ሰው ተናግራ አታውቅም። ጋሽ አንሙት ማሊያውን አሰጡ፤ ጫፉን አቃኑ፤ እጃቸውን በሱሪያቸው ጠረጉ። በመጨረሻ፣ በጣም ዝግ ባለ ድምፅ፣ «እሺ» አሉ።

እስከዳር የማጠቢያውን ሳፋ ለመድፋት ምንም አልቀራትም።

ጠዋት መነሻው ላይ ሳይክሏን ስታይ የፊቱ ጎማ ተቀይሯል። ያ ቀላሉ ጎማ የለም፤ በቦታው አሮጌው፣ ከባዱ ተገጥሟል። ሁለቱም ጥሩ ጎማዎች ሙላቷ ሳይክል ላይ ናቸው። ምናለ ሥራ እንዳለበት ሰው ወደ ሌላ ዞረ። ጋሽ አንሙት ከፒካፑ ጎን ቆመው ጠሯት። ፊታቸው ኮሶ የጠጣ ሰው ፊት ነው።

«ዛሬ መሪዋ ሙላቷ ናት» አሉ። «አንቺን እምቢ ብዬሻለሁ።»

እስከዳር የጠየቀችውን ነው ያገኘችው። ግን ሰው እምቢ በሉ ብሎ ሲለምን፣ ለሌላው እምቢ እንዲባልለት ነው። ጆሮዋ ጋለ። ለምን አለች፤ ዓመቱን ሙሉ የጠበቀችው ለዚህ ነው ወይ?

«ደግ ጥያቄ ነው» አሉ ጋሽ አንሙት፤ ዐይናቸውን አላሸሹም። «መጨረሻው ሜዳ ነው፤ ሜዳ ላይ ሂዊን የምትችላት ሙላቷ ናት። ይህ አንዱ ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ ሙላቷን እምቢ ብላት ትሰበራለች። አንቺን እምቢ ብልሽ ትቆጫለሽ። ዛሬ ለዚያ አቀበት የሚያስፈልገኝ የተቆጣ ሰው ነው።»

ሳይክሏ ላይ ወጣች። ሰውዬው ይህን ሁሉ አመዛዝነው ማሰብ የሚችሉ ከሆነ እስከዛሬ የት ነበሩ የሚለው ሐሳብ ከንዴቷ ላይ ሌላ ንዴት ጨመረላት።

ደምበጫ ድረስ ያለው ቁልቁለት ነው፤ የኔአለምና ሌሎቹ ሁለቱ ልጆች ሙላቷን ከበው ወሰዷት። መለስ ብለው ወደ ማርቆስ የሚወስደው አቀበት ሲጀምር እስከዳር ወደፊት ወጣች። ያን ያህል ተናዳ ነድታ አታውቅም። ጋሽ አንሙትን እያሰበች ረገጠች፤ ባልቴቶቹንና ዶሮዎቹን እያሰበች ረገጠች፤ የአጎቷን ሻይ እያሰበች ረገጠች። ከባዱ ጎማ ከበዳት፤ እሱንም ተናደደችበት። የአዲስ አበባዎቹ አጋዦች አንድ በአንድ ተንጠባጥበው ቀሩ። ከኋላዋ ሙላቷ፣ ከሙላቷ ኋላ ሂዊ ብቻ ቀሩ። አንድ የሚገርም ነገር ግን በዚያ ንዴት መሃል ታወቃት፦ ምን ማድረግ እንዳለባት ታውቃለች። ሦስቱን ቀን ግማሽ ልቧን ወደፊት፣ ግማሽ ልቧን ወደኋላ አድርጋ ነበር የነዳችው። ዛሬ ወደኋላ የምታየው ነገር የለም። መንገዱ ቀለላት።

አቀበቱ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ሂዊ ተቆረጠች። መጀመሪያ የአንድ ሳይክል ክፍተት፣ ከዚያ የሁለት፤ ከዚያ ቢጫው ማሊያ እየራቀ ሄደ። እስከዳር ይህን አይታ ጨመረች። ያኔ ከኋላዋ የሙላቷን ትንፋሽ ሰማች፤ የሚፋጭ፣ ያለቀበት ሰው ትንፋሽ ነው።

«አልቻልኩም» አለች ሙላቷ። ሁለት ቀን ሙሉ ያልተናገረቻት ልጅ ነች። «ሂጂ አንቺ። ሂጂ፣ እኔ አልደርስም።»

እስከዳር ፊት ለፊቷን አየች። መንገዱ ባዶ ነው። ከኋላዋ የምትይዛት የለችም፤ ጉልበትም አላት። ብትሄድ የሚወቅሳት አይኖርም፤ መሪዋ ራሷ ሂጂ ብላታለች። ብሔራዊ ቡድኑ ከዚያ አቀበት ማዶ ነው።

«እምቢ» አለች። «ጎማዬን ያዢ።»

ፍጥነቷን ትንሽ ቀነሰች፤ ሙላቷ ተንጠልጥላ ደረሰች። አቀበቱን እንዲህ ሆነው ጨረሱት፤ አንዷ እየሳበች፣ አንዷ እየተሳበች። ሜዳው ሲጀምር ሙላቷ ነፍስ ዘራች። እስከዳር የከተማው መግቢያ ድረስ ንፋሱን ሰበረችላት፤ ከዚያ እግሯ እንደ እርጥብ ጭቃ ሆነባትና ወደ ጎን ገለል አለች። ሙላቷ እንደ ቀስት አለፈች። ዳር ዳሩን የቆመው የማርቆስ ሰው ጩኸት ሲነሳ እስከዳር ገና ከኋላ፣ አንገቷን ደፍታ፣ ፔዳሉን እየገፋች ነበር። ሂዊም ደርሳ አለፈቻት፤ ከሙላቷ ግን ከደቂቃ በላይ ዘግይታ ገባች። በጠቅላላው ውጤት ሙላቷ አንደኛ፣ ሂዊ ሁለተኛ፣ እስከዳር ሦስተኛ ሆኑ።

ከሰዓት በኋላ በፋብሪካው ግቢ ግብዣ ነበር። ጥብሱ ከነመጥበሻው እየጨሰ ቀረበ፤ ሥራ አስኪያጁ ንግግር አደረጉ፤ ሙላቷ አበባ ታቅፋ ፎቶ ተነሳች። የድሉ ባለቤት ጋሽ አንሙት ግን የሉም። ግቢው ዳር፣ የፒካፑ መጫኛ ላይ ተቀምጠው፣ እህል አልቀመሱም። በቦታቸው ሆነው መልእክተኛ ይልካሉ። መጀመሪያ የኔአለም ሙዝ ይዛ መጣችና፣ ጋሼ አኩርፋኛለች ወይ ብለዋል አለች። ቀጥሎ ምናለ ብርድ ልብስ ይዞ መጣ፤ ብርድ እንዳይመታት ብለው ነው አለ፤ ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከዚያ የሥራ አስኪያጁ ሾፌር መጣ፤ እሱ ደግሞ የተላከበትን ረስቶት ብቻ ፊቷን አይቶ ተመለሰ። እስከዳር እውነትም አኩርፋ ነበር፤ አሁን ግን ማኩረፉ ራሱ የሰው ጥበቃ በዝቶበት ሥራ ሆነባት።

ሙላቷ አበባውን ወንበር ላይ ጥላ አጠገቧ ተቀመጠች። ብዙ አልተናገረችም፤ ተናጋሪ አይደለችም። በልጅነቷ ከተዳረችበት ቤት ወጥታ ማርቆስ ስትመጣ፣ ሁለት ክለብ ዕድሜሽ አልፏል ብሎ እንደመለሳት ነገረቻት። ጋሽ አንሙትም ዕድሜዋ ማለፉን ያውቁ ነበር፤ ሳይክል እንዳልነካችም ያውቁ ነበር፤ ለቡድኑ ተጨማሪ ሰው እንደማያስፈልግም ፋብሪካው ነግሯቸዋል። «ያን ቀን እምቢ ማለት የሚችል ሰው ቢሆኑ» አለች ሙላቷ፣ «እኔ ዛሬ የት ነበርኩ?» ከዚያ አበባውን አንስታ ሄደች።

እስከዳር ብቻዋን ስትቀር፣ ሳትፈልግ፣ የራሷን ቀን አስታወሰች። ከሉማሜ በአውቶቡስ መጥታ፣ ከቀሚሷ ሥር የወንድሟን ሱሪ ለብሳ፣ የክለቡ በር ላይ ቆማ ነበር። አጎቷ ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ስትወጣ ያየ ጎረቤት ምን ይላል ብለው ከልክለዋታል። ጋሽ አንሙት ሳይክልም፣ ቦታም፣ ማደሪያም አልነበራቸውም። እሺ አሏት። ሦስት ወር በራሳቸው አሮጌ ሳይክል ነው የተለማመደችው፤ እሳቸው ከኋላዋ በእግራቸው እየተከተሉ። አጎቷንም ሉማሜ ድረስ ሄደው ያሳመኗቸው እሳቸው ናቸው። ለአጎቷ ምን ምን እሺ ብለው እንዳሳመኗቸው እስከዛሬ ተጣርቶ አላለቀም።

ይህን እያሰበች ሳለ የአዲስ አበባው ክለብ አሰልጣኝ መጣ። ንጹሕ ቱታ የለበሰ፣ ቀጥተኛ ሰው ነው። አቀበቱ ላይ ያየውን እንደማይረሳ ነገራት። እነሱ ጋ ብትመጣ ሁሉም ነገር ጥርት ያለ ነው፤ መሪ መሪ ነው፣ አጋዥ አጋዥ ነው፣ ማን እንደሚገባና ማን እንደማይገባ በመስፈርት ይለያል። መስፈርቱንም ዘረዘረላት፦ ዕድሜ፣ ቁመት፣ የሳንባ ልክ፣ የውድድር ልምድ። እስከዳር በጥሞና አዳመጠችው። ሲጨርስ፣ ከሉማሜ በመጣችበት ቀን ከነዚህ ውስጥ የትኛው እንደነበራት አስባ አንዱንም አጣችው። ላስብበት አለችው። ሲሄድ ግን አስባ ጨርሳ ነበር።

ተነስታ ከጥብሱ በሳህን አስጨመረች፤ እንጀራ ደረበችበት። ግቢውን አቋርጣ ወደ ፒካፑ ሄደች። ጋሽ አንሙት ስትመጣ አይተው ሊቆሙ ሞከሩ፤ አንገታቸው ይበልጥ ዘነበለ። ገና ሳትደርስ ንግግሩን ጀመሩ፦ ስለ ጠዋቱ ይቅር እንድትላቸው፣ የሚመጣው ዓመት ግን በእመቤታችን ስም ያለ ምንም ጥርጥር...

እስከዳር አላስጨረሰቻቸውም። ትልቅ ጉርሻ ጠቅልላ አፋቸው ውስጥ አስገባች። አኝከው ሳይጨርሱ ሁለተኛውን ደገመች፤ ሦስተኛውንም አዘጋጅታ ያዘች። ጋሽ አንሙት ጉንጫቸው አብጦ፣ ዐይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቁ ነበር። አፋቸው ሞልቶ ስለነበር ያን ቀን ከሰዓት ለማንም ምንም ቃል ሳይገቡ ዋሉ።